ጎደሬ፦ እኔ እንዴት እንደማበስለው

ጎደሬ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው፤ ሙቀትና ብዙ ውሃ ይወዳል፤ ጎንደር ገበያ ላይ እንደ ድንች እንደልብ አይገኝም። እኔ የምበላው ከወላይታ ለመጣችው ጎረቤቴ ዘመዶቿ ሲልኩላት ነው፤ አሠራሩንም ያሳየችኝ እሷው ናት።

ጥሬውን እንዳትቀምሱት። ውስጡ ካልሲየም ኦክሳሌት አለ፤ እንደ መርፌ የሾሉ፣ በዓይን የማይታዩ ክሪስታሎች ናቸው። አፍና ጉሮሮ ይወጋሉ፣ እጅ ያሳክካሉ። ስለዚህ ስልጥ ጓንት አደርጋለሁ፣ ከሌለ እጄን ዘይት እቀባለሁ። ጎረቤቴ «መጀመሪያ እጠበውና አድርቀህ ላጠው» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ እርጥብ ከሆነ እንደ ሳሙና ያዳልጣል።

ከዚያ ቆራርጬ በደንብ እቀቅለዋለሁ። ዋናው ነገር ውሃው ነው። ከክሪስታሎቹ ሌላ በውሃ የሚሟሟ ኦክሳሌትም አለ፤ እሱ ወደ ውሃው ስለሚወጣ ውሃውን እደፋውና በአዲስ ውሃ እስኪበስል እጨርሰዋለሁ። መጥበስ ካማራችሁም መጀመሪያ ቀቅሉት። ከጾም ውጪ ከሆነ ከእርጎ ጋር ነው የምበላው፣ ምክንያቱም የእርጎው ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘውና አብሮት ይወጣል። በጾም ግን ዳጣ ይበቃኛል። ኦክሳሌት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምረው።

አሁን ወደ «መድኃኒት ነው» ወሬ። ለስኳር በሽታ ፍቱን ነው የሚል ስንት ሰው ሰማሁ መሰላችሁ! 100 ግራም የተቀቀለ ጎደሬ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ፤ ስኳር ያለበት ሰው እንደ ማንኛውም ምግብ መጥኖ ነው መብላት ያለበት። አሰሩ (ፋይበሩ) ግን ጥሩ ነው፣ 5 ግራም ይጠጋል፤ ፖታሲየሙም ወደ 480 ሚሊግራም ነው። ስታርቹ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለሆድ አይከብድም። ታሪን የሚባል ፕሮቲንም አለው፤ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ በሴሎችና በአይጦች ላይ ያጠኑታል። ይህ ማለት ጎደሬ የበላ ሰው ከካንሰር ይድናል ማለት አይደለም፣ እባካችሁ።

ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ግማሽ ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ አጠገቡ ሽሮ ወይ ምስር አላጣም። ቅጠሉ በቫይታሚን ኤ እና ሲ ከሥሩ ይበልጣል፣ እሱም በደንብ ከተቀቀለ። ግን እዚህ እስኪደርስ መንገድ ላይ ስለሚጠወልግ ማንም አይልከውም፣ እኔም ገና አልቀመስኩትም።