ከክላርክስተን ወደ አቴንስ፦ ኤስኢሲን ከላይኛው ሰገነት ማየት

ከክላርክስተን ወደ አቴንስ ጆርጂያ የሚያደርሱ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ 78 ቁጥር ነው፤ ስቶን ማውንቴንን አልፎ በስኔልቪል፣ በሎጋንቪልና በሞንሮ በኩል ይሄዳል። ሌላው በ85 ወጥቶ 316ን መያዝ ነው። ርቀቱ 60 ማይል ገደማ ስለሆነ በአዘቦት ቀን ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሜዳው የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወትበት ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። 316 አቴንስን ከሚዞረው ቀለበት መንገድ ጋር ሲገናኝ ቀጥ ይላል፤ 78 ደግሞ ስኔልቪል ላይ ከትራፊክ መብራት ወደ ትራፊክ መብራት ያንፏቅቃል። እኔ 78ን እመርጣለሁ። ቢዘጋ እንኳ ወደ ጎን የሚያስወጡ የሰፈር መንገዶች ሞልተውታል፤ 316 ላይ ግን አንዴ ከተያዙ ተይዘው መቅረት ነው።

ኦክቶበር 18፣ 2025 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጆርጂያ ኦል ሚስን (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን፤ ሁለቱም በኤስኢሲ፣ ማለትም በደቡብ ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ ወይም ሊግ ውስጥ ናቸው) ያስተናገደው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ በአሜሪካኖቹ 3:30 ላይ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ መነሳት ነው። ካምፓስ ውስጥ ያለው የመኪና ማቆሚያ አብዛኛው ለስፖርት ክፍሉ መዋጮ በሚከፍሉ ሰዎች አስቀድሞ የተያዘ ነው። የቀረው ሰው መሃል ከተማ ባሉት ባለፎቅ ማቆሚያዎች ወይም ግቢያቸውን በሚያከራዩ ነዋሪዎች ዘንድ ያቆማል። የሰው ግቢ ስትከራዩ ከዋጋው ይልቅ መውጫውን ጠይቁ። ከኋላችሁ ሦስት መኪና ከተደረደረ ባለቤቶቹ መጠጣቸውን ጨርሰው እስኪመጡ ታፍናችሁ ትቀራላችሁ።

ወደ ስታዲየሙ የሚገባ ቦርሳ ውስጡ የሚያሳይ ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ ልኩም ከ12 በ6 በ12 ኢንች አይበልጥም። እሱ ከሌለ አንድ ጋሎን የሚይዝ ባለዚፕ የምግብ ከረጢት ይበቃል። ትኬት በስልክ ነው። 93 ሺህ ሰው አንድ ቦታ ሲከማች ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፤ ስለዚህ ትኬቱን ገና ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ዋሌት ውስጥ አስገቡት። በር ላይ ቆመው ስክሪናቸው እየዞረ የሚንቆራጠጡት ይህን ያላደረጉት ናቸው።

ሳንፎርድ ስታዲየም የተመረቀው በ1929 ነው፤ በዕለቱ ጆርጂያ የልን 15 ለ 0 አሸነፈ። ሜዳውን የሚከብበው የተከረከመ አረንጓዴ አጥርም የዚያው ዘመን ነው። እኛ አበሾች በዚህ አጥር በኩል ትንሽ ታሪክ አለን ማለት ይቻላል። በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ የእግር ኳስ ፍጻሜ የተካሄደው እዚሁ ነበርና፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ስፋቱ 53 ያርድ ከሲሶ ብቻ ስለሆነ ለእግር ኳስ እንዲበቃ አጥሩ ተነቅሎ በኋላ እንደገና ተተከለ። ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን፣ ኃይሌ 10,000 ሜትሩን አትላንታ ላይ ባሸነፉበት በዚያው ሰሞን፣ ናይጄሪያ እዚህ አቴንስ ላይ አርጀንቲናን 3 ለ 2 ረትታ ወርቁን ወሰደች። አጥሩ በ2024 እንደገና በአዲስ ተተክቷል።

የቡድኑ መለያ የሆነው ውሻ ኡጋ፣ ሬድኮት የሚባለው ባንድ፣ ከጨዋታው በፊት ከላይኛው ሰገነት ጥግ ብቻውን ቆሞ የሚነፋው ጥሩምባ ነፊ፣ ሁሉም ያምራሉ። ቴሌቪዥን በደንብ ያሳያቸዋል፤ ለእነሱ ብቻ ብሎ መንገድ መጀመር ግን አያዋጣም። ስታዲየም መሄድ የሚያስፈልገው ካሜራው የማያሳየውን ለማየት ነው፤ እሱም የሁለቱ ቡድኖች ግዙፎች ፊት ለፊት የሚገጥሙበት መስመር ነው።

ስለዚህ የመቀመጫ ምርጫ ቁም ነገር ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ሜዳው ዳር፣ ዝቅ ብሎ 50 ያርድ ላይ (የሜዳው መሃል መስመር ጋ) ለመቀመጥ ነው። እዚያ የምታዩት የቆሙ ተጫዋቾችን ጀርባ ነው። ከፍ ብሎ ወደ ጥጉ፣ ማለትም ከታችዳውን ክልሉ (ኳስ ይዘው ሲገቡበት ነጥብ ከሚያስገኘው የሜዳው ጫፍ) በላይ መቀመጥ ዋጋውም ቅናሽ ነው፣ በመስመሩ ላይ የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍተትም ወለል ብሎ ይታያል። ሌላም ነገር አለ፦ ሜዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሰሜን በኩል የተቀመጠ ሰው ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ናት። በሴፕቴምበር እዚያ ወገን ያለ ኮፍያና ያለ ውሃ መቀመጥ ራስን መቅጣት ነው። ደቡብ በኩል ቶሎ ጥላ ይገባል።

ከተቀመጡ በኋላ ዓይንን ከኳሱ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የእንግዳውን ቡድን ጋርድ፣ ማለትም ኳሱን ከሚያስጀምረው ሴንተር ጎን የሚሰለፈውን የመስመር ሰው ተመልከቱ። ጩኸቱ ሲበረታ ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ የኳርተርባኩ፣ ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ጋርዱ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ የኳርተርባኩን ምልክት ያያል፣ ሴንተሩን መታ ያደርገዋል፣ ሴንተሩም ኳሱን ወደ ኋላ ይሰጣል። ችግሩ ምልክቱን ተከላካዩም ያያል። ሁሌ በአንድ ዓይነት ምት ከሰጡ ተከላካዩ ምቱን አጥንቶ ቀድሞ ይነሳል፤ ምቱን ሲቀያይሩ ደግሞ ዳር ያለው የመስመር ሰው፣ ታክሉ፣ ቀድሞ ይንቀሳቀስና 5 ያርድ ይቀጣሉ። ሦስተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመግፋት የሚሰጠው ሦስተኛ ሙከራ) ከ4 ያርድ ወደ ሦስተኛ ዳውን ከ9 ያርድ የሚቀየረው እንዲህ ነው። ተመልካቹ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ከ2024 ጀምሮ ኳርተርባኩ የራስ ቁሩ ውስጥ የአሰልጣኙን ድምፅ ይሰማል፤ ሬድዮው ግን ሙከራውን ለመጀመር የተሰጠውን ጊዜ በሚቆጥረው ሰዓት ላይ 15 ሰከንድ ሲቀር ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ብቻውን ነው።

ቀጥሎ የተከላካይ መስመሩን እጅ ተመልከቱ። ወገባቸውን ይዘው ከቆሙ ደክመዋል። የአሰልጣኝ ሌን ኪፊን ኦል ሚስ ይህን ድካም ፈልጎ የሚጫወት ቡድን ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው፦ አጥቂው ቡድን ተጫዋች ከቀየረ ለተከላካዩም መቀየሪያ ጊዜ ይሰጣል፤ አጥቂው ካልቀየረና ፈጥኖ ከተሰለፈ ግን ተከላካዩ ያሉትን ሰዎች ይዞ ይቀጥላል። የዚያን ቀን ኦል ሚስ ኳስ በያዘባቸው የመጀመሪያ 5 ጊዜያት በሙሉ ታችዳውን አገባ፤ 35 ነጥብ። የጆርጂያ ተከላካዮች መጥፎ ስለነበሩ አይደለም። 140 ኪሎ የሚመዝን ሰው በስምንትና በዘጠኝ ተከታታይ ሙከራዎች ላይ ሳይቀየር ሲቀር እግሩ ስለሚከብድ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ግልጽ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎች መስመሩ ወደ ፊት ይገፋ ነበር፣ ከዚያ ባለበት ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሸሻል።

አራተኛው ሩብ ሲጀመር ውጤቱ 35 ለ 26 ነበር፤ ተመልካቹ እንደ ልማዱ አራት ጣቱን አነሳ። ከዚያ በኋላ ጆርጂያ 17 ነጥብ አከታትሎ ሲያገባ ኦል ሚስ ምንም አላገኘም፤ 43 ለ 35። የጆርጂያው ኳርተርባክ ገነር ስቶክተን 4 ታችዳውን ወረወረ፣ አንዱን ራሱ ሮጦ ገባ። የመልሱ ዋና ምክንያት ግን ከመከላከሉ በላይ ማጥቃቱ ነው። ጆርጂያ ኳሱን ረጅም ጊዜ እየያዘ፣ በአጭር በአጭሩ እየሄደ የራሱን ተከላካዮች ወንበር ላይ አሳረፋቸው። ያረፈ መስመር በመጀመሪያው ዳውን ሲያሸንፍ ደግሞ ፈጣኑ ቡድን ለሁለተኛ ዳውን ከ10 ያርድ ይዳረጋል፣ ፍጥነቱም ዋጋ ያጣል። ፈጥኖ ተሰልፎ ሦስት ጊዜ መሳት ማለት ኳሱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልሶ መስጠት ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚደክመው የራስ ተከላካይ ነው።

ስለ ኤስኢሲ ጥንካሬ የሚደረገው ክርክር መጀመር ያለበት ከዚህ መስመር ይመስለኛል። ከ2006 እስከ 2012 የአገሪቱን ሰባት ተከታታይ ዋንጫዎች የኤስኢሲ ቡድኖች ወሰዱ፤ ከ2019 እስከ 2022 ደግሞ አራት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ጆርጂያ። የብልጫው ምስጢር ተጠባባቂው ነበር። የ2021ዱን የጆርጂያ መከላከል አስታውሱ፦ በ2022 የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ከዚያ መከላከል 5 ሰዎች በመጀመሪያው ዙር ተወሰዱ፤ ከአምስቱ ሦስቱ፣ ትራቮን ዎከር፣ ጆርዳን ዴቪስና ዴቮንቴ ዋያት፣ የፊት መስመር ሰዎች ናቸው። እነዚህ እየተፈራረቁ ሲገቡ አራተኛው ሩብ ላይ የሚደክመው ሁልጊዜ ሌላው ወገን ነበር።

አሁን ያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ያገኛል፤ ከ2024 ወዲህ ትምህርቱን እስካላበላሸ ድረስ ሳይታገድ በየዓመቱ ትምህርት ቤት መቀየር ይችላል፤ ከ2025 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአትሌቶቻቸው እንዲያካፍሉ ተፈቀደ። ሌላ ቦታ ተሰልፎ ገንዘብ ማግኘት እየቻለ አቴንስ ላይ ሦስተኛ ተጠባባቂ ሆኖ የሚቆይ የመስመር ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ቅዳሜ ሜዳው ላይ የነበሩትን ሁለት ኳርተርባኮች ማየት ይበቃል። ስቶክተን ከ2022 ጀምሮ ተራውን የጠበቀ ልጅ ነው። የኦል ሚሱ ትሪኒዳድ ቻምብሊስ ግን በ2024 በሁለተኛው ዲቪዚዮን ፌሪስ ስቴትን ይዞ ዋንጫ ያነሳ፣ በ2025 የተዛወረ ልጅ ነው። ጥሩ ተጫዋች ከየትም ይመጣል፤ ለመምጣት ዓመታት አይፈጅበትም።

ስለዚህ አንድን ኮንፈረንስ ስመዝን መጀመሪያ የማየው የድል ብዛቱን አይደለም። ኤስኢሲ እስከ 2025 በኮንፈረንሱ ውስጥ ይጫወት የነበረው 8 ጨዋታ ብቻ ሲሆን ሌላው ትልቅ ኮንፈረንስ ቢግ ቴን 9 ይጫወታል። አንድ የኮንፈረንስ ጨዋታ ቀነሰ ማለት፣ 16 ቡድኖች ባሉበት፣ ስምንት ሽንፈት ከሰንጠረዡ ጠፋ ማለት ነው። በቦታው ደካማ እንግዳ ይጠራል፤ ጆርጂያም ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ቻርለትን ያስተናገደው ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሰርዛችሁ የቀረውን ቁጠሩ። ከዚያ ከሜዳ ውጭ የተገኘውን ውጤት፣ በተለይ ጠባብ ያልሆነውን፣ ለይታችሁ አውጡ። ጆርጂያ በሴፕቴምበር ኖክስቪል ላይ ቴነሲን በተጨማሪ ሰዓት 44 ለ 41 ማሸነፉ ትልቅ ድል ነው፤ 41 ነጥብ መግባቱ ግን ማስጠንቀቂያ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ አላባማ እዚሁ አቴንስ መጥቶ 24 ለ 21 ሲያሸንፍ የጆርጂያ የ33 ጨዋታ የሜዳው ተከታታይ ድል አከተመ። የሁለቱም ሰበብ አንድ ነው፦ የጆርጂያ የፊት አራት ተከላካዮች ብቻቸውን ኳርተርባኩን አያስጨንቁትም፤ አምስተኛ ሰው ሲላክ ደግሞ ከኋላ ክፍት ይሆናል።

የፍጻሜ ውድድሩንም በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። በ2024 ፕሌይኦፉ 12 ቡድን ሲሆን ቢግ ቴን 4፣ ኤስኢሲ 3 አሳለፈ፤ ቴነሲ ኦሃዮ ስቴት ሜዳ ላይ 42 ለ 17 ተሸነፈ። የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያለፉት አራቱም ቡድኖች፣ ጆርጂያም ጭምር፣ በሚቀጥለው ጨዋታቸው ወደቁ። የኤስኢሲ ደጋፊ ይህን ለረጅም ዕረፍት ይሰጠዋል። በከፊል እውነት አለው፤ ጆርጂያ በዚያ ላይ ኳርተርባኩ ካርሰን ቤክ ተጎድቶበት ነበር። ነገር ግን ሦስት ዓመት ተከታትሎ ዋንጫው ወደ ቢግ ቴን ሲሄድ፣ ሚሺጋን፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ከዚያም ኢንዲያና፣ ሰበቡን ከካላንደር ላይ ብቻ መፈለግ ያስቸግራል። ለብዙ ዘመን የኮንፈረንሱ ጭራ የነበረው ኢንዲያና በጃንዋሪ 2026 ማያሚን 27 ለ 21 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ኳርተርባኮቹ በአንዱ ወገን ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው ፈርናንዶ ሜንዶዛ፣ በሌላው ወገን ከአቴንስ የሄደው ያው ቤክ ነበሩ።

ከጨዋታው በኋላ ስለመመለስ፦ ወደ መኪና አትሩጡ። ከድል በኋላ በሰሜን ካምፓስ ያለው የቻፕል ደወል እየተፈራረቁ የሚደወልበት ነው፤ ሰልፉ ረጅም ቢሆንም መንገዱ እስኪቀል ጊዜ ያሳልፋል። መሃል ከተማ እራት ለመብላት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ካላስያዘ አያገኝም፤ ከክላርክስተን የተቋጠረ እንጀራ ካለ መኪና ማቆሚያው ላይ ይበላል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ 78 ይከፈታል።

ጆርጂያ ከዚያ ወዲያ ቴክሳስን 35 ለ 10፣ በኤስኢሲ ፍጻሜ አላባማን 28 ለ 7 ረታ። ጃንዋሪ 1 ኒው ኦርሊንስ ላይ ግን ኦል ሚስ እንደገና ገጠመውና 39 ለ 34 አሸነፈ፤ ኪፊን ወደ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ሄዶ ነበር፣ ቻምብሊስ ግን አልሄደም። ኤስኢሲ ከ2026 ጀምሮ ዘጠነኛ ጨዋታ ይጨምራል።