ከስክሪኑ ጀርባ የሚጣል ዳይስ

ሰሞኑን ከአክስቴ ልጅ ጋር የያዝነው ጭቅጭቅ አላልቅ ብሏል፣ ለሱ እኔ ጨካኝ ዲኤም ነኝ፣ ለኔ ደግሞ እሱ ተጫዋች የሚሸውድ ሰው ነው። ነገሩ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እያንዳንዳችን አንድ ካራክተር (ገጸ ባህሪ) ይዘን ታሪክ የምንጫወትበት፣ የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይስ የሚወስንበት ጌም። እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እህቴ ቤት ተሰብስበን እንጫወታለን፣ አንዴ እኔ አንዴ እሱ ዲኤም እየሆንን። ለማታውቁት፣ ዲኤም ማለት ታሪኩን የሚመራውና ጭራቆቹን የሚያጫውተው ሰው ነው፣ ፊቱ ስክሪን የሚሉትን ካርቶን ያቆምና ከጀርባው ዳይስ ይጥላል። እና የወጣው ቁጥር ካልጣመህ ሌላ ቁጥር ብትናገር ምን አለበት? ማን አየህ?

የአክስቴ ልጅ ምንም የለበትም ባይ ነው። ሰው ሳምንቱን ሲለፋ ከርሞ ሊዝናና መጥቶ ስንት ጊዜ የደከመበት ካራክተር በአንድ መጥፎ ዳይስ ለምን ይሞታል ይላል። ማስረጃም አያጣም፣ ጌሙን ከፈጠሩት አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ እራሱ በፈረንጆቹ 1979 በወጣው የዲኤሞች መመሪያ ላይ ዲኤም ዳይሱን የመሻር መብት አለው ብሎ ጽፏል። የ2014ቱ መመሪያም ሁለት ክሪት (20 ሲወጣ የሚመጣው፣ የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ የሚጣልበት ምት) ተከታትሎ ካራክተር የሚገድል ከሆነ ሁለተኛውን ተራ ምት ወይ ጭራሽ የሳተ ልታደርገው ትችላለህ ይላል፣ ግን አታብዛው፣ እንደምታደርገውም አታስነቃ ይላል። ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ላይ 20 ሁለቴ ተከታትሎ የመውጣት ዕድሉ እኮ ከ400 አንድ ነው፣ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ለሚጫወት ሰው መምጣቱ አይቀርም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን አታስነቃ የሚለው ነው። ችግር ከሌለው ለምን ይደበቃል? ተጫዋቾቹ እኮ ዳይሳቸውን ጠረጴዛው መሃል ነው የሚጥሉት፣ አንዱ 3 ወጥቶለት 17 ነው ቢለን ካርታ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ነው የምናየው፣ እኔ ሳደርገው ግን ደግነት ተባለ። የኮምፒውተር ጌሙ ባልዱርስ ጌት 3 እንኳን ካርሚክ ዳይስ የምትል ነገር አለችው፣ ሽንፈት እንዳይደራረብብህ ዳይሱን ታለሳልስልሃለች፣ ግን ሴቲንግ ውስጥ በግልጽ ተቀምጣለች፣ ካልፈለግክ ታጠፋታለህ። የአክስቴ ልጅ ማጥፊያ የለውም።

ጭቅጭቁን ያስነሳው የእህቴ ልጅ ዊዛርድ (አስማተኛ ካራክተሩ) ነው። ለጀማሪ የተዘጋጀውን የ2014ቱን ስታርተር ሴት እየተጫወትን ነበር፣ መጀመሪያው ላይ አራት ጎብሊኖች (ትናንሽ ጭራቆች) መንገድ ላይ አድፍጠው የሚጠብቁባት ውጊያ አለች፣ ስንቱን ጀማሪ የጨረሰች ናት። ሌቭል 1 ዊዛርድ 7 ኤችፒ (የህይወት ነጥብ) ይዞ ኋላ መቆም ሲገባው ፊት ወጣ፣ ጎብሊኑ በጎራዴ ሰነዘረበት፣ ከስክሪኑ ጀርባ 20። አጠገቤ የተቀመጠው የአክስቴ ልጅ አይቶት በጉልበቱ ጎሸም አደረገኝ፣ ተወው ማለቱ ነው። እኔ ስክሪኑን አጥፌ የጉዳቱን ዳይስ መሃል ላይ ጣልኩት። 5 እና 4፣ 2 ሲጨመርበት 11። ሁለቱም 6 ቢሆኑ ኖሮ 14 ይሆንና፣ የ7ቱ እጥፍ ማለት ነው፣ ያለ ምንም ዴዝ ሴቭ (ኤችፒው ያለቀበት ካራክተር ለመትረፍ የሚጥለው ዳይስ) እዛው ያበቃለት ነበር።

"አጎቴ፣ ሞትኩ?"

"ገና ነህ፣ ጣል።"

ዴዝ ሴቭ ላይ 10 ና ከዛ በላይ ከወጣ ጥሩ ነው፣ ከ10 በታች ሶስቴ ከወጣ በቃ። 4 ወጣ። ከዛ 12። ከዛ 7። አንድ ቀረው ማለት ነው፣ ክሌሪክ (ፈዋሽ ካራክተር) የሆነው ጓደኛው ደግሞ በጎብሊኖቹ መሃል ሊደርስለት ይታገላል፣ የተቀመጠ ሰው የለም፣ ሁሉም ይጮሃል፣ እህቴ ጀበናውን እንደያዘች "ምን አረጋችሁት ልጄን!" ብላ ከኪችን ወጣች። ክሌሪኩ ደርሶ ነካውና ተረፈ። ሳተህ ብዬው ባልፈው ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር፣ ጎብሊኑ ሳተ፣ ቀጣይ ተራ የማን ነው፣ አለቀ።

ከጨዋታው በኋላ እኔና የአክስቴ ልጅ ስንከራከር ልጁ ለካ ይሰማናል፣ መጣና "ጋሼ፣ ባለፈው አንተ ጋ ድራጎኑን የገደልኩት ግን የእውነት ነው አይደል?" አለው። የአክስቴ ልጅ እንደመሳቅ አለና ፈንዲሻ ዘገነ። ልጁ መልስ ሲጠብቅ ቆሞ ቆሞ ሄደ። እኔ ከዚህ በላይ ክርክር አልነበረኝም።

ባይ ዘ ዌይ ዳይስ አልነካም እያለ የጭራቁን ኤችፒ እንደፈለገ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ዲኤምም አለ፣ ያው ነው።

ርህራሄ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ቦታው ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ነው። ያቺው የጎብሊኖች ውጊያ ላይ መጽሐፉ ራሱ ተጫዋቾቹ ከተሸነፉ ጎብሊኖቹ ራሳቸውን እንደሳቱ ትተዋቸው ዘርፈው ይሄዳሉ ይላል። ጎብሊን ዕቃ ነው የሚፈልገው፣ ሬሳ ምን ያደርግለታል። ዳይሱ እንደወጣ ይቆያል፣ የጠላት ፍላጎት ግን ድሮም የዲኤሙ ስራ ነው። ሞትን ጭራሽ ካልፈለግክ ደግሞ መጀመሪያውኑ እዚህ ጌም ላይ ማንም አይሞትም ብለህ ተናገር። ወይ ዲኤሙ ዳይስ የሚባል የማይነካበት ጌም አለ፣ አፖካሊፕስ ወርልድ ከ2010 ጀምሮ እንደዛ ነው፣ ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው የሚጥሉት።

የሚቀጥለው እሁድ ከስራ ቦታዬ አንድ ልጅ ይመጣል፣ በህይወቱ ተጫውቶ አያውቅም፣ የአክስቴ ልጅም እሱንም በመጀመሪያ ቀኑ ልትገድለው ነው ወይ ብሎ ያዘኝ። ጎብሊኖቹን ከአራት ሁለት አደርጋቸዋለሁ አልኩት። "ታዲያ ከኔ በምን ተለየህ?" አለኝ። ከመጣሉ በፊት ስለሆነ ነዋ አልኩት፣ አልተዋጠለትም፣ ግን ተረኛው ዲኤም እኔ ነኝ።