ጋሼ፣ እንዳይነሱ!

የመንደሯን ስም አልጽፍም። ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ በካፋ ደን ውስጥ ወንዝ ዳር ካሉት መንደሮች አንዷ ናት፤ ይህ ይበቃል። ስሟን ከጻፍኩ ከእናንተ አንዱ ሄዶ «እገሌ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው እዚህ መጥቶ ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን አውቀዋለሁ። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ወደ ወንዙ በእጁ እየጠቆመ ይስቃል። አንዳንዱም ተንበርክኮ ያሳየዋል።

እኔንና ጓደኞቼን ወደዚያ የወሰደን ገንዘብ ያዣችን ነው። ገንዘብ ያዥ ብሎ የመረጠው ሰው የለም፤ ደብተር ስለነበረው ያዘ። ለዚህ ሰው ጉዞ ማለት የሚታየው በነፃ፣ የሚጠጣው በነፃ፣ የሚታደርበትም በነፃ የሆነ ነገር ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት እንደመዘገበው ሳነብ ደንገጥ ብዬ «ዩኔስኮ የነካው ነገር ውድ አይሆንም ወይ?» አልኩት። «ዛፍ ቲኬት አይቆርጥም» አለኝ። ቡና እንያዝ ወይ ስንለውማ ጭራሽ ተቆጣ። «ቡና የበቀለበት አገር ድረስ ቡና ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የት አያችሁ? እንግዳ ነን፤ ያፈሉልናል።» እንግዲህ የጉዟችን በጀት የቆመው በማናውቃቸው ሰዎች ደግነት ላይ ነበር።

ከራሴ ኪስ ያወጣሁት ትልቁ ወጪ ጫማ ነው። አገሩ ዝናብ አያጣውም፣ ያዳልጣል ስለተባልን መርካቶ ወርጄ ከሳልባጅ ተራ ቡት ገዛሁ። ሶሉ ጣት የሚያህል ጥርስ አለው። ነጋዴው ጫማውን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ እያደረገ «ይሄ ራስ ዳሸንን ያውቀዋል» አለኝ። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ነው። በኋላ የገጠመኝ ግንድ ከውኃው በላይ የአንድ ሰው ቁመት እንኳ አይሞላም። ነጋዴው ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ጫማው ራስ ዳሸንን የሚያውቀው ከሩቅ አይቶት መሆኑን ነው።

ስለ አውቶቡሱም አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገድ ላይ የጊቤ በረሃ አለ። በዚያ ሐሩር አውቶቡስ ሙሉ ሰው ተጠቅጥቆ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። የጣት ስፋት ያህል ከፈት አደረግሁ። መጀመሪያ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ ሳለ። ከዚያ አውቶቡሱ በሙሉ ሳለ። «ወንድም፣ ነፋሱ ያሳምመናል» ተባልኩ። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ አንዲት ቃል ሳይናገር እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ መስኮቱን ዘጋና እጁን መልሶ ሰበሰበ። በእኛ አገር በሽታ የሚገባው በመስኮት ብቻ ነው። ቀድሞ የገባው በምን እንደሚወጣ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ አብሮን ጅማ ደረሰ።

ከጅማ ቦንጋ በሚሄደው ሚኒባስ ደግሞ ረዳቱ ለቦርሳዬ አስከፈለኝ። ግዴለም፣ ይክፈል። ነገር ግን ቦርሳዬ መስኮት ዳር ተቀምጦ የጎጀብን ሸለቆ እያየ ሲወርድ፣ እኔ ጣሪያው አንገቴን አስጎንብሶኝ የሰው ጫማ እያየሁ ወረድኩ። ገንዘብ ያዣችን የቦርሳውን ሒሳብ ከጋራ ወጪ አላስገባም አለ። «የተመቸው ያንተ ቦርሳ ነው» ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

መንደሯ ውብ ናት፤ አልክድም። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው በቅሏል። የንብ ቀፎዎቹ ቀና ብሎ ማየቱ ብቻ በሚያደክም ከፍታ ላይ ተሰቅለዋል። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያንጠለጠሉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ይህን ሁሉ ያየሁት ግን ወንዙ ጋ እስክንደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፍየል ብቻ ነው።

የምናድርበት ግቢ ከወንዙ ማዶ ነበር። ድልድዩ አንድ ግንድ ነው። ቅርፊቱን የስንት ዘመን እግር ልጦ ጨርሶታል፤ ጎንና ጎኑ እርጥበት ያበቀለው አረንጓዴ ነገር ለብሷል፤ በእጅ የሚያዝ ምንም የለውም። መንደርተኛው ግንድ መሆኑን እንኳ ረስቶታል። አንዲት እናት የማገዶ ሸክም በጀርባቸው እንዳለ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ከምትከተላቸው ጎረቤታቸው ጋር ስለ ገበያ እያወሩ፣ በኮንጎ ጫማ ተሻገሩ። ነርሷ ጓደኛችን ተሻገረች። መምህሩ ተሻገረ። ገንዘብ ያዡ እየጻፈ ተሻገረ።

እኔም እስከ መሃል ድረስ ጥሩ ነበርኩ። መሃል ላይ ስደርስ ግን ራስ ዳሸንን የሚያውቀው ጫማ ተከፋፈለ፤ ግራው ወደ ግራ፣ ቀኙ ወደ ቀኝ መሄድ ፈለገ። ወርጄ በጉልበቴና በመዳፌ ቆምኩ። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ የክብደትን ማዕከል ዝቅ ማድረግ ነው። መምህሩ የሚያስተምረው ፊዚክስ ስለሆነ ይጠየቅ። ወንዙ እስከ ጉልበት ብቻ መሆኑን፣ ትንሽ ዝቅ ብሎም ልጆች ከብት እየነዱ በእግራቸው እንደሚሻገሩት የነገሩኝ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ወደ ፊት መሄድ አቃተኝ። ወደ ኋላ ልመለስ ስል ከኋላዬ የሆነ ነገር ተነፈሰ። ዞር ብዬ ባይ ፍየል ናት።

ነጭ ናት፤ ግንባሯ ላይ ቡናማ ምልክት አለ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፉ ተቀዷል፣ አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ባንክ ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ዝም ብላ ቆመች፤ ቀጥሎ ክብደቷን ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ቀጥሎ አነጠሰች። ከኋላዋ ሁለት ሌሎች ፍየሎች፣ ከእነርሱም ኋላ ስምንት ዓመት ቢሞላው የሚገርመኝ እረኛ ተሰልፈዋል።

«ጋሼ፣ ይለፉ» አለኝ ልጁ በትሕትና።

«እያለፍኩ ነው» አልኩት። አላለፍኩም።

መጀመሪያ ያረፈው የቀኝ የፊት እግሯ ነው፤ ቀበቶዬ ላይ። ከዚያ ግራው፤ ኩላሊቴ አካባቢ። ኮቴ ትንሽ ነገር ይመስላል። ችግሩም ትንሽነቱ ነው፤ የሙሉ ፍየል ክብደት በአራት ጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ቦታዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ መናገር ይቻላል። አሁንም ብትጠይቁኝ እጠራቸዋለሁ።

ታልፋለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። በትከሻዎቼ መካከል ስትደርስ ቆመች። ከዚያ የፊት እግሮቿ ከጀርባዬ ላይ ተነሡ። ለአንድ አፍታ ወረደችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳያልቅ ክብደቷ በሙሉ ወደ ኋላ እግሮቿ ዞረ። ፍየሏ በጀርባዬ ላይ በሁለት እግሯ ቆማለች። ከግንዱ በላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ነበር፤ እኔ ልብ አላልኩትም፣ እርሷ ግን ልብ ብላዋለች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቅጠሉ በተበጠሰ ቁጥር ያቆረው የዝናብ ውኃ በአንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ይወርዳል።

ልነሣ ወገቤን ነቅነቅ ሳደርግ ልጁ ጮኸ፦

«ጋሼ፣ እንዳይነሱ! እየበላች ነው!»

ጀርባዬ ላይ ፍየል ቆማ መክሰሷን እየበላች፣ አንቱ ተብያለሁ።

«ትወድቅብኛለች!» ብሎ ጨመረ። እኔ ብወድቅ በማን ላይ እንደምወድቅ የጠየቀ የለም። ማዶ ያሉት እናት ማገዷቸውን አውርደው ተቀምጠውበታል። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አሁን ትጨርሳለች» አሉኝ። ሕይወት ለማዳን ቃል የገባችው ነርሷ ጓደኛችን ስልኳን አግድም ይዛ እየቀረጸች ነው። መምህሩ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚሻላት ይነግራታል። ገንዘብ ያዡ ሰዓቱን አየ።

ልጁ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ፍየሏ ያን ቅርንጫፍ ከግልገልነቷ ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች። በተሻገረች ቁጥር ግንዱ መሃል ቆማ ቀና ትላለች፤ አትደርስበትም። ከመንደሩ ሰው ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ተንበርክኮ የሚያውቅ የለም። ይህን ነገር እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አሰላዋለሁ። ጀርባዬ በአንድ ስንዝር ቢያጥር ኖሮ አትደርስም ነበር። በአንድ ስንዝር ቢረዝም ደግሞ መውጣት ያቅታት ነበር። ፈጣሪ ጀርባዬን የሠራው በፍየሏ ልክ ነው። በጊቤ ሐሩር የተቀቀልኩት፣ ጎጀብን አጎንብሼ የወረድኩት (አሁን ሳስበው ማጎንበሱ ልምምድ ነበር)፣ አንዲት የካፋ ፍየል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር መሰላል እንዲላክላት ስለተሳለች ነው። ስለቷም ሠመረላት።

ካልዲ የሚባለውን እረኛ አፈ ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ አይቶ ቡናን አገኘ ይባላል። ይህ ታሪክ ስንት ጊዜ ሲነገር አንድም ሰው ያልጠየቀው ነገር አለ። የዱር ቡና ከፍ ብሎ ያድጋል፤ ፍየሏ ምን ላይ ቆማ ደረሰችበት? እኔ አሁን አውቄዋለሁ። የካልዲ ጓደኛ ላይ ነው። በጉልበቱና በመዳፉ የቆመ፣ ስሙ ያልተመዘገበ፣ ዓለም በሙሉ ጠዋት ጠዋት ስኒ ሲያነሣ አንድም ቀን ያልተመሰገነ ምስኪን ነበር። ካልዲ ከማዶ ሆኖ «እንዳትነሣ!» ሲለው ይታየኛል። ሐውልት ይገባዋል፤ ሲቆምለትም ተንበርክኮ ይቁምለት። የእኔዋ የበላችው የቡና ፍሬ ባለመሆኑ ተመስገን እላለሁ፤ ቢሆን ኖሮ እዚያው ጀርባዬ ላይ ትጨፍር ነበር።

ጠግባ ስትጨርስ በራሴ ላይ ተራምዳ ወረደች። ሁለቱ ተከታዮቿም መንገዱ እንዲህ የተሠራ መሰላቸውና ሳይጠይቁ በጀርባዬ ተሻገሩ። ይቅርታ የጠየቀኝ ልጁ ብቻ ነው። «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ትከሻዬን ተደግፎ ዘለለኝ።

የልጁ እናት ወሬውን ሲሰሙ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቡና አፈሉልን፤ ኮሮሪማ የገባበት። ማርም በሰሃን ቀረበ። ገንዘብ ያዣችን ከሁላችን አስቀድሞ ጣቱን ማሩ ውስጥ ከነከረ በኋላ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። በትከሻው ላይ አሻግሬ አነበብኩት፦ «ገቢ፦ ቡናና ማር። ምንጭ፦ ጀርባ።» ታዲያ ከመዋጮዬ ቀንስልኝ ስለው «የጋራ ንብረት ከሆነ በኋላ እንዴት አድርጌ ነው የምቀንሰው?» አለኝ። ቦንጋ አካባቢ ያለውን የእግዜር ድልድይ የሚባለውን የተፈጥሮ ዓለት ድልድይ ስናይ ደግሞ መምህሩ ከአጠገቡ አቁሞ ፎቶግራፍ አነሣኝ። «ሁለቱም የሰው እጅ ሥራ አይደሉም» አለ። ነርሷ እስክታለቅስ ሳቀች።

ቪዲዮው ከእኛ ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቷል። እናቴ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ፍየሏስ ደኅና ናት?» ብላ ነው። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ከወንበሬ ልነሣ ባሰብኩ ቁጥር ከጥግ አንድ ድምፅ «ጋሼ፣ እንዳይነሱ!» ይላል፤ ሰብሳቢው ራሱ ይስቃል፤ የያዝኩት ሐሳብ ከነምክንያቱ ይጠፋብኛል። ጫማውን ልመልስ መርካቶ ብወርድ ነጋዴው ቪዲዮውን ስልኩ ላይ ከፍቶ ለገዢ እያሳየ አገኘሁት። «ተመልከት፣ ሦስት ፍየል ሲያልፍበት ጫማው ንቅንቅ አላለም!» ይላል። ዋጋውንም ጨምሮበታል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን በማግሥቱ ጠዋት የሆነው ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ከተኛንበት ቤት ደጃፍ ላይ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ አሁን ከመቶ ድምፅ መካከል እለየዋለሁ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ በሩን ከፈት ሳደርግ ልጁ ነው፤ ቀይ ጨርቅ ያሰረችውን ፍየል ገመዷን ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬ በየት በኩል ነው የሚሻገሩት?»

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«ከላይ በኩል ሌላ ግንድ አለ። እዚያም ቅርንጫፍ አለ።»

ፍየሏ አየችኝ። ፊቴን አይደለም፤ አንገቷን አስግጋ ጀርባዬን ነው የፈለገችው። በሩን ልዘጋው ስል ከውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ሥር፣ ገንዘብ ያዣችን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስማኝማ አንተ ልጅ» አለው። «እናንተ ቤት እንቁላል አለ?»