ቆላፊም እኔ፣ ቁልፍ አዳይም እኔ

አርብ ከሰዓት፣ ሰው ቦርሳውን ማንጠልጠል ሲጀምር ነው ሴቲንጉን የነካሁት። የአይቲ ሰዎች ከዚህ ወዲያ ያለውን ሳያነቡም ይገምቱታል።

ከዚያ ወር በፊት አንድ ባልደረባችን የይለፍ ቃሉን ሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ ላይ ጽፎ አስረክቦ ነበር። አለቃዬ «ለሁሉም ሰው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ግዴታ ይሁን» አለኝ፤ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማስረጃ፣ ለምሳሌ ስልክ ላይ የሚመጣ ኮድ፣ ይጠየቅ ማለቱ ነው። ትክክል ነበር። የምንጠቀመው ጎግል ወርክስፔስን፣ ማለትም የጎግልን የመሥሪያ ቤት ኢሜይልና ሰነድ አገልግሎት ነው። የሠራተኛው ሁሉ አካውንት የሚታዘዝበት ገጽ፣ አድሚን ኮንሶል፣ ገብቼ የደህንነት ክፍሉን ከፈትኩ። ማንኛውንም ዘዴ መፍቀድ ይቻላል፤ በጽሑፍ መልእክትና በስልክ ጥሪ የሚመጣውን ኮድ ብቻ መከልከል ይቻላል፤ ሴኪዩሪቲ ኪይ (ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ) ብቻ ማለትም ይቻላል። መካከለኛውን መረጥኩ። ሌባ በሰው ስልክ ቁጥር ምትክ ሲም ካርድ አስወጥቶ ኮዱን ሊቀበል ይችላል፤ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም በ2017 እ.ኤ.አ. መመሪያው በስልክ መስመር የሚላክ ኮድን ገደብ ካለባቸው መንገዶች መድቦታል። እስከዚህ ድረስ አላፍርበትም።

«ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚል ምርጫም እዚያው ነበር። አለፍኩት። ወዲያው ይጽና አልኩና በራሴ አካውንት ሞከርኩት። የእኔ ስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ ባለ 6 አሃዝ ኮድ የሚቀይረው ኦተንቲኬተር አፕ ከዓመታት በፊት የተጫነ ነው፤ ያለ ችግር አስገባኝ። ለሠራተኛው ሁሉ በስዕል የተደገፈ ረጅም ማብራሪያ በኢሜይል ልኬ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ ስልኩ ጮኸ። ኮድ በጽሑፍ መልእክት ብቻ ይቀበል የነበረው ሁሉ ውጭ ቀርቷል። ለማረጋገጫው ጨርሶ ያልተመዘገበውም እንደዚያው። ብራውዘሮቹ በተዘጉ ቁጥር ከአካውንት እንዲያስወጡ ያደረግኩትም እኔው ነኝ፤ ያኔም ለደህንነት ብዬ። ያ በስዕል ያሳመርኩት ማብራሪያ ደግሞ የት ነው ያለው? ሊከፍቱት ያልቻሉት ኢሜይል ውስጥ።

ግዴታውን ማንሳት እችል ነበር። ግን ለውጡ ለሁሉም እስኪደርስ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አለቃዬ ዘንድ ሄጄ «መልሼ አጠፋሁት» ማለት ከበደኝ። ስለዚህ የመጠባበቂያ ኮድ ማደል ጀመርኩ። አድሚን የሰውየውን ስም ከፍቶ ያወጣዋል፤ 10 ኮዶች፣ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ፣ አንዱ አንዴ ብቻ የሚሠራ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ «አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት…» እያልኩ አነብባለሁ፣ ወዲያ ማዶ ይጽፋሉ። ለ11 ሰው እንዲህ አደረግኩ። እንዲያውም ፍጥነቴ አኩርቶኝ ነበር።

12ኛዋ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ነበሩ። እሳቸው አልደወሉም፤ ዝርዝሩ ላይ ስማቸውን አይቼ እኔው ደወልኩ።

«ኮድ ልስጥዎት፣ ይጻፉ» አልኩ።

«ማን ልበል?»

«ከአይቲ ነኝ።»

«እሱን ማንም ይላል። ባለፈው አንተው አይደለህ እንዴ በስልክ ኮድ ለሚጠይቅም ለሚሰጥም አትመኑ ያልከን? አንተ ከሆንክ እኔው እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከ11ዱ መካከል 7ኛው የደወለው ከማላውቀው ቁጥር ነበር። «ከፋይናንስ ነው፣ ቶሎ በል፣ ክፍያ ይዣለሁ» አለኝ፤ እኔም ሁለት ኮድ አነበብኩለት። የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው የሚጎድለው ያ ኮድ ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን አስረክቦ የነበረውስ? እሱም የፋይናንስ ሠራተኛ ነው። ቀይሮታል፤ ግን ሌላም ሰው ያንን ገጽ ሞልቶ ዝም ብሎ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የራሱ ስልክ ባትሪ ጨርሶበት የጓደኛውን ተውሶ ነው የደወለው። ላብ በላብ ሆኜ ሲያየኝ ሳቀ። እኔ ግን ተመልሼ ለ11ዱም አዲስ ኮድ አወጣሁ፤ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው አብሮ ይሞታል። አዲሱን በየጠረጴዛው ዞሬ በእጅ ሰጠሁ፣ አፑንም እዚያው እያስጫንኩ።

ቀሪው ብዙም አያስወራም። ያልተመዘገቡትን ለብቻ ግሩፕ አድርጌ ግዴታውን ለጊዜው አነሳሁላቸውና ክፍል በክፍል መለስኩት። ማን እንደተመዘገበ የሚያሳየው ዝርዝር አድሚን ኮንሶሉ ላይ ድሮም ነበር፤ አርብ ዕለት አንዴ ባየው ይበቃኝ ነበር። በዚያው አራት ሰው የሚጠቀምበት አንድ የጋራ አካውንት አገኘሁ፤ ኮዱ የሚሄደው የወሊድ ፈቃድ ላይ ወዳለች ሠራተኛ ስልክ ነው። ለአለቃዬም ሁሉንም ነገርኩት። «የሱፐር አድሚኑ ቁልፍስ ያንተ ብቻ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሱፐር አድሚን ሁሉንም ሴቲንግ መቀየር የሚችለው አካውንት ነው፤ የእኔ ብቻ ነበር። በማግስቱ ሁለተኛ ሰው ጨመርን።

ለነገሩ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ያን ዕለት ጠዋት መጥተው ነበር። መታወቂያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ፎቶውን አየሁ፣ ፊታቸውን አየሁ፣ ኮዱን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ያንተስ መታወቂያ?» አሉ።

መሳቢያዬን ከፍቼ መፈለግ ጀመርኩ።