ድሩይዶቹን ፍለጋ አንግልሲ ድረስ

ድሩይድን መጀመሪያ ያወቅኩት በጌም ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ ሁልጊዜ የምመርጠው እሱን ነበር። ድብ ሆኖ ይዋጋል፣ ድመት ሆኖ ያደባል፣ የቆሰለ ጓደኛውን ይፈውሳል። ለዓመታት እንዲሁ ስወደው ኖሬ፣ እውነተኞቹ ድሩይዶች፣ የጥንት ኬልቶች ካህናትና መምህራን፣ ያለቁበት ቦታ እንዳለ አነበብኩ። ዌልስ ውስጥ አንግልሲ የምትባል ደሴት ናት። ከምኖርበት ለንደን በባቡር ግማሽ ቀን እንኳን አይፈጅም። ሄድኩ።

ባንጎር ወርጄ፣ እ.ኤ.አ. በ1826 የተከፈተውን የሜናይ ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ። መሐል ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ባሕሩ ጠባብ ነው፤ ውሃው ግን እየተሽከረከረ ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ60 ወይም በ61 የሮማው አዛዥ ስዌቶኒየስ ፓውሊነስ ጦሩን ይዞ የተሻገረው ይህንን ነው። እግረኛው በጠፍጣፋ ጀልባ ሄደ። ከፈረሰኛው ውሃው የጠለቀበት ከፈረሱ ጋር ዋኘ። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደጻፈው፣ ማዶ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ጸጉራቸውን በትነው፣ ችቦ ይዘው በተዋጊው መሐል ይሯሯጡ ነበር። ድሩይዶቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይራገማሉ። ወታደሮቹ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ግን አዛዡ ሲያደፋፍራቸው ገፍተው ገቡ። ያገኙትን ፈጁ፤ የተቀደሱትን ደኖችም ቆረጡ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጁሊየስ ቄሳር ስለ ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ድሩይዶች ሲጽፍ፣ አንዳንዱ ተማሪ እስከ 20 ዓመት ይማር ነበር ይላል። ሁሉም በቃል ነው። ትምህርቱን በጽሑፍ ማስፈር አይፈቀድም። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። መሪጌታ ነበሩ፤ የልጅነት ዕድሜያቸው በቃል ትምህርት ነው ያለቀው። እኛ ጋ ግን ብራናም ነበር። መምህሩ ቢሞት መጽሐፉ ይተርፋል። እዚህ ግን የ20 ዓመት ትምህርት ከሰዎቹ ጋር አብሮ ተቀበረ። ዛሬ ስለነሱ የምናነበው የገዳዮቻቸውን ወገን ቃል ነው።

በማግስቱ ብሪን ኬሊ ዲ ሄድኩ። «በጨለማው ደን ያለ ጉብታ» ማለት ነው። 5,000 ዓመት ገደማ የሆነው የድንጋይ መቃብር ነው። በዓመቱ ረጅሙ ቀን ንጋት ላይ ፀሐይ በመግቢያው ቀጥ ብላ እስከ ውስጥ ድረስ ትዘልቃለች። የሠሩት ድሩይዶች አይደሉም፤ ከነሱ በብዙ ይቀድማል። ውስጡ ግን ትኩስ አበባ ተቀምጦ አገኘሁ። ደጁ ላይ ጸጉራቸው የነጣ አንዲት እናት ቁጭ ብለዋል። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ድሩይድ ነኝ አሉኝ።

«ከጥንቶቹ የወረሳችሁት አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የለም የኔ ልጅ። ሥርዓታችን አዲስ ነው። ፀሐይዋ ግን ያቺው ናት።»

እውነቱን ስለነገሩኝ ወደድኳቸው። የዌልሱ ገጣሚ ኢዮሎ ሞርጋኑግ በ1792 ለንደን ውስጥ ፕሪምሮዝ ሂል ላይ የባርዶችን (የዌልስ ባለቅኔዎችን) ጉባኤ ሲጀምር፣ ከጥንቶቹ ድሩይዶች የመጣ ነው ያለው ብዙው ነገር የራሱ ፈጠራ ነበር። የሴትዮዋ እምነት የጥንት ነኝ ማለት አላስፈለገውም።

መጨረሻ ላይ ሊን ኬሪግ ባኽ ደረስኩ። ትንሽ ሐይቅ ናት። አጠገቧ የአየር ኃይል ጣቢያ ስላለ የጄት ድምፅ ጆሮ ይበጥሳል። ጣቢያው በጦርነቱ ጊዜ ሲስፋፋ፣ በ1942 ሠራተኞች ከዳርቻዋ ረግረግ አፈር ሲያወጡ ብረት አገኙ። ሰይፍ፣ ጦር፣ የሠረገላ ዕቃ፣ ከ150 በላይ ነገር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ለአማልክት ስጦታ ተብሎ ውሃው ውስጥ የተጣለ ነው ይባላል። ከሁሉም አንድ ሰንሰለት አለ። ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጭቃ የያዘውን የጭነት መኪና በትራክተር ጎተቱበት። 2,000 ዓመት የኖረው ብረት አልተበጠሰም። በኋላ ሲታይ የባሪያ ሰንሰለት ነው። አምስት የአንገት ቀለበት አለው።

ሐይቋ ዳር ብዙ ቆየሁ። ስለ ድሩይዶቹ ሳዝን ነበር የመጣሁት። ስለ አምስቱ ሰዎች ግን አንድም ጊዜ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሰንሰለቱ አሁን ያለው በዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ፣ ካርዲፍ ነው። የሚቀጥለው ቲኬቴ ወደዚያ ነው።