አርባ አንድ ክላውንፊሾችና ሁለት ባልዲ እርሾ

ዛሬ ጠዋት ቤቴ የተፈለፈሉትን ክላውንፊሾች፣ እነዚያን ትንንሽ የባሕር ዓሣዎች፣ ቆጠርኳቸው፤ አርባ አንድ ናቸው። ስልሳ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። ብርቱካናማ ገላቸውን በሦስት ነጭ መቀነት ታጥቀው ገንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስሱታል። ከእነዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ለማራባት ሞክሬ ሁለቱም ጊዜ አንድም አልተረፈልኝም። ስጀምር በአማርኛ የሚያስረዳኝ ባገኝ ኖሮ ብዙ ነፍስ ይተርፍ ነበር፤ ስለዚህ ያለቁብኝንም ያደጉልኝንም እጽፋለሁ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን ገንዳዎቹ ያሉት በምድር ቤታችን ነው። ጥንዶቹን ስገዛ ወንድና ሴት ብዬ አልመረጥኩም፤ መምረጥም አያስፈልግም። ሁለት ወጣት ክላውንፊሾች አብረው ሲኖሩ ትልቁና ኃይለኛው ሴት ይሆናል፣ ሌላው ወንድ ሆኖ ይቀራል። ሴቷ ብትሞት ደግሞ ወንዱ ራሱ ወደ ሴትነት ይለወጣል። በመጠን የሚለያዩ ሁለት ወጣቶች ወሰድኩና ጠበቅኩ። አንድ ዓመት ሙሉ።

የወላጆቹ ገንዳ 110 ሊትር ይይዛል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዋማነቱ በኪሎ ውኃ 35 ግራም ጨው ነው። የቧንቧ ውኃ እንዳለ አልጠቀምም። ክሎሪን ብቻ ቢሆን ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድሮ ማስወገድ ይቻል ነበር፤ በእኛ አካባቢ ግን ውኃው የሚታከመው ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተጣምሮ ስለሆነ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውኃውን በስስ ገለፈት ውስጥ እየገፋ በሚያጣራው) አሳልፌ ነው ጨው የምበጠብጥበት። በማጣሪያው ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ባለፈው ጥር ወንዱ ጥግ ላይ ያስደገፍኩትን የሸክላ ጡብ በአፉ እየለቀመ ማጽዳት ጀመረ። ከሁለት ቀን በኋላ ጡቡ ላይ ሰሊጥ የሚያህሉ፣ በአንድ ጫፋቸው የተጣበቁ ብርቱካናማ እንቁላሎች ተደርድረው አገኘሁ። አባትየው ከአጠገባቸው አይለይም፤ በጎንና ጎን ክንፎቹ ያራግባቸዋል፣ የሞተውን እንቁላል እየነቀለ ይበላል። ቀለማቸው ቀን በቀን ይጠቁራል። በሰባተኛው ቀን በባትሪ ሳይ እያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ ሁለት የብር ቀለም ያላቸው ዓይኖች መልሰው አዩኝ። ዓይኖቹ እንዲህ ሲያብረቀርቁ የሚፈለፈሉበት ሌሊት ቀርቧል ማለት ነው፤ የሚፈለፈሉትም መብራት ከጠፋ በኋላ፣ በድቅድቅ ጨለማ ነው።

ያን ሌሊት ከደስታ ብዛት አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን ግን ሁሉም አለቁ።

ምክንያቱ ሮቲፈር ነው። አዲስ የተፈለፈለ የክላውንፊሽ ጫጩት አፉ በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየም ስለማይጎርስ፣ የመጀመሪያ ምግቡ ይህ በዓይን እንደ አቧራ የሚታይ የጨው ውኃ ፍጥረት ነው። ሮቲፈር ናኖክሎሮፕሲስ የሚባለውን አረንጓዴ አልጌ እየበላ ያለ ወንድ በፍጥነት ይራባል። እኔ በአንድ ባልዲ አርብቼ፣ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግማሹን ባንድ ጊዜ ቀዳሁ፤ የቀረው ቶሎ እንዲተካልኝ ብዬ ደግሞ አልጌ አበዛሁበት። የተረፈው አልጌ በሰበሰ፤ በማግስቱ ባልዲው መጥፎ ጠረን አመጣ፣ ሮቲፈሮቹም ተሟጠጡ። ጫጩቶቹን በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ሆዳቸው ባዶ፣ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። አብራን ነው የምትኖረው። አዲሱን ባልዲ ስቀዳ ቆማ አየችና፣ «ልጄ፣ ይኼማ እርሾ ነው። እርሾ ለነገ ሳታስቀሪ ትጨርሺዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምይዘው እንደ እርሾ ነው። በየቀኑ ከሩብ በላይ አልቀዳም፤ በቀዳሁት ልክ አዲስ የጨው ውኃ እተካለሁ፤ አልጌውን የምጨምረው የትናንቱ አረንጓዴ ሲሳሳ ብቻ ነው። ከሌላው የተለየ ሁለተኛ ባልዲም አለኝ፤ አንደኛውን የነካ እጅ ሳይታጠብ ሁለተኛውን አይነካም። የአየር ቱቦው ጫፍ ላይ አየሩን ወደ ደቃቅ አረፋ የሚበትነውን የአየር ድንጋይ አላደርግበትም፤ ደቃቅ አረፋ ሮቲፈሩን ስለሚያንሳፍፈው ቱቦው ክፍት ሆኖ ትልልቅ አረፋ ቢያወጣ ይሻላል።

በሁለተኛው ሙከራ ምግቡ ሞልቶ፣ ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ፈጀብኝ። የባሕር ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ያለ፣ 8.2 አካባቢ ስለሆነ ከጠቅላላው አሞኒያ ውስጥ መርዛማው ክፍል ከወንዝ ውኃው ይበልጣል፤ ለሌላ ዓሣ ትንሽ የሚመስል መጠን ለጫጩት ሞት ነው። በስድስተኛው ቀን ማለዳ ከታች ተነጥፈው አገኘኋቸው። ልጆቼ ትምህርት ቤት እስኪሄዱ ድረስ ገንዳውን በፎጣ ሸፍኜው ቆየሁ።

ሦስተኛውን ሙከራ እንዲህ ያዝኩት። በሚፈለፈሉበት ሌሊት ጡቡን ከነእንቁላሉ ወደ 38 ሊትሩ ገንዳ አዛወርኩ፤ ገንዳውን የሞላሁት ከወላጆቹ ውኃ ነው። ጎኖቹን በጥቁር ወረቀት ሸፈንኩ፤ ጫጩቶች ከየአቅጣጫው በሚመጣ ብርሃን ግራ ተጋብተው ግድግዳውን ሲገጩ ይውላሉና። የአባትየውን ማራገብ እንዲተካ ከጡቡ ሥር የአየር ድንጋይ አኖርኩ። ውኃውን በአልጌ ትንሽ አረንጓዴ አድርጌ በአንድ ሚሊ ሊትር አሥር ያህል ሮቲፈር እንዳይጎድልባቸው አደረግኩ። ማጣሪያው በወላጆቹ ገንዳ ውስጥ ወር ሙሉ የቆየ ስፖንጅ ስለሆነ አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይዞ ነው የገባው። በየማታው ወለሉን በቀጭን ቱቦ መጥጬ የተወሰደውን ውኃ ጠብታ በጠብታ እመልሳለሁ። ይህ የማታ ሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አንድም ቀን አልዘለልኩም።

በአምስተኛው ቀን ከሮቲፈሩ ጋር አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ የጨው ውኃ ፍጥረት) ጨመርኩ። ሆዳቸው ብርቱካናማ ሆኖ ሲነፋ በዓይን ይታያል። በአሥረኛው ቀን አንደኛው ጫጩት ከመሃል ውኃ ወርዶ ግድግዳው አጠገብ ቆመ። ከጭንቅላቱ ጀርባ ጭጋግ የመሰለች ነጭ መስመር ነበረችበት፤ የመጀመሪያው መቀነት። እናቴን ጠራኋት። ወገቧን ይዛ ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።

ከ250 ያህል እንቁላሎች አርባ አንድ ማትረፍ ለባለሙያ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማርቲን ሞ የተባለው የባሕር ባዮሎጂ ባለሙያ ፍሎሪዳ ውስጥ ክላውንፊሽን ለገበያ በሚበቃ ብዛት አርብቷል። ለእኔ ግን በቤት ያደገ እያንዳንዱ ዓሣ ከኮራል መካከል ያልተነጠቀ አንድ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊሊፒንስ ውስጥ የተጀመረው ዓሣን በሳያናይድ አደንዝዞ የመያዝ ልማድ ኮራሉንም ዓሣውንም ይገድላል። ስትገዙ በገንዳ የተወለደ መሆኑን ጠይቁ፤ ሻጩ በግልጽ ካልመለሰ አትግዙ።

ቀጥሎ የምመኘው የቀይ ባሕሩን ክላውንፊሽ ነው፤ ሁለት መቀነት ብቻ ያለውን አምፊፕሪዮን ባይሲንክተስ። አጎቴ ምጽዋ በባሕር ኃይል ሲያገለግሉ ያዩትን ባለ ሁለት መስመር ቢጫ ዓሣ ሲያወሩልን ነው ያደግነው። ከኔዎቹ ይተልቃል፣ ጠበኛም ነው፤ 110 ሊትር አይበቃውም። ከእናንተ መካከል ያራባው ካለ የገንዳውን ስፋትና ጥንዶቹን እንዴት እንዳላመደ ይጻፍልኝ።

ትናንት ማታ ጥንዶቹ ጡቡን እንደገና ማጽዳት ጀምረዋል፤ የሴቷም ሆድ ሞልቷል። ባልዲዎቹን በአጉሊ መነጽር አየኋቸው፦ አንደኛው ደህና ነው፣ ሁለተኛው ግን ባለፈው ሳምንት ስላጠብኩት ገና ስስ ነው። ለጫጩቶቹ ምግብ ስለማይበቃ ይህን ዙር ጡቡን አላነሳውም፤ እዚያው ከወላጆቹ ጋር ይፈልፈሉ።