ከባህል ቀን በፊት ንባብ፦ አገውኛን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር

በአዊ ብሔረሰብ ዞን፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላና ከዚያም ወዲያ፣ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በአገውኛ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አውጚ በሚሉት ቋንቋ። መሠረቱ በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው፤ አንደኛ ደረጃ በብሔረሰቡ ቋንቋ ይሰጥ ያለው እሱ ነው። ከዚያ በፊት አገውኛ በወረቀት ላይ ብዙም አልነበረም። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ 15 ቋንቋዎችን ይዞ ሲወጣ አገውኛ አልገባበትም። ስለዚህ ዛሬ አንድ የአንደኛ ክፍል መምህር ሲቆም ከኋላው እንደ አማርኛው የተከማቸ የተረት መጽሐፍ፣ የቆየ የአጻጻፍ ልማድ፣ ወላጅ እቤት የሚያነብለት ጋዜጣ የለውም። ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ትምህርት ቤት ይህን ጉድለት በባህል ቀን ሊሞላው ይሞክራል። ልብስ ይከራያል፣ ጭፈራ ይለማመዳል፣ እንግዳ ይጠራል። ደስ ይላል፣ ልጆቹም ይወዱታል። ግን ሁለተኛ ክፍል ደርሶ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሁለት ገጽ ማንበብ ላልቻለ ልጅ ጭፈራው ምንም አልጨመረለትም። በ2002 ዓ.ም በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ፈተና ሲሰጥ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ልብ በሉ፣ የተፈተኑት በሚማሩበት ቋንቋ ነው። ቋንቋው የልጁ መሆኑ ብቻውን ልጁን አንባቢ አያደርገውም።

ከፊደሉ እንጀምር። አገውኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው፣ ግን የአማርኛው ገበታ ልክ አይመጣለትም። ሲጠራ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ከምላስ ጀርባ የሚነሳ ድምፅ አለው፤ የሚጻፈው በጘ ቤተሰብ ነው፦ ጘ ጙ ጚ ጛ ጜ ጝ ጞ። ከቋንቋው ስም ውስጥ አለ፣ «ሁለት» ለማለት «ላጛ» ሲባልም አለ። መምህሩ የተማረው በአማርኛ ከሆነ እጁ ሳያስበው «ንግ» ብሎ ይጽፈዋል። ልጁ ያንን ሲያነብ ሁለት ድምፅ ይጠራል፣ የሚጠራው ቃል ደግሞ እቤት የሚያውቀው ቃል አይደለም። በተቃራኒው ጠ፣ ጨ እና ጰ በአገውኛ ነባር ቃላት ውስጥ አይገኙም፤ የሚመጡት ከአማርኛ ከተዋሱ ቃላት ጋር ነው። ስለዚህ በአንደኛው ወሰነ ትምህርት እነዚህን ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው፣ ቆይተው ይምጡ።

እግረ መንገድ፦ ወረቀት ከማባዛታችሁ በፊት የጘ ቤተሰብ በኮምፒውተሩ ላይ በትክክል መውጣቱን በአንድ ገጽ ሞክሩ። ፊደሉን የማያውቅ ቅርጸ ፊደል በቦታው ባዶ ሳጥን ያትማል። ብዙ የስልክ የአማርኛ ሰሌዳም ይህን ቤተሰብ አያሳይም። በዚህ ምክንያት ብቻ «ንግ» ተብሎ የተተየበ የፈተና ወረቀት ከገጠመ አያስገርምም፤ ሦስትና አራት ዓመት ከተደጋገመ ግን ስህተቱ ልማድ ሆኖ ይቀራል።

ቅደም ተከተሉም ሌላ ጉዳይ ነው። ሀ ሁ ሂ ብሎ ከላይ እስከ ታች በዜማ ማውረድ ልጁን አንባቢ ያስመስለዋል። በዜማው መሀል አስቁሙትና ጣታችሁን ከአንዱ ፊደል ላይ አሳርፉ፤ ብዙው ልጅ እንደገና ከመጀመሪያው ካልጀመረ አይደርስበትም። የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ከጥንት አውቆታል፤ አቡጊዳ የሚባለው ገበታ ፊደሉን አዘባርቆ የሚያስቀምጠው ተማሪው በቃሉ ሳይሆን በዓይኑ እንዲለይ ነው። በትምህርት ቤት የሚሻለው መንገድ ልጆች ከሚያውቋቸው ነገሮች መቶ ያህል ቃል ሰብስቦ (የቤት ዕቃ፣ እንስሳ፣ የሰውነት ክፍል፣ ምግብ) በውስጣቸው ደጋግመው የሚመጡትን አራት አምስት የፊደል ቤተሰቦች መቁጠርና ከእነሱ መነሳት ነው። ከእያንዳንዱ ቤተሰብ በመጀመሪያ ራብዑን፣ ካዕቡንና ሳድሱን ብቻ ስጡ። ከአራት ቤተሰብ ሦስት ሦስት ፊደል ማለት አሥራ ሁለት ፊደል ነው፤ በአሥራ ሁለት ፊደል ብዙ እውነተኛ ቃል ይነበባል። ሳድስ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንዴ ብቻውን ቆሞ፣ አንዴ ቀጭን አናባቢ ይዞ ስለሚነበብ ከሁሉም ይልቅ ልጁን የሚያደናቅፈው እሱ ነው፤ ቃሉን ጮክ ብሎ ሳይጠራ የሚለይበት መንገድም የለውም። የአገውኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታም በጽሑፍ አይታይም። በዚህም የተነሳ ለጀማሪ ነጠላ ቃል ዘርዝሮ ከመስጠት አጭር ዓረፍተ ነገር ይሻላል፤ ዐውዱ ይመራዋል።

ከዚያ የሚነበብ ነገር ያስፈልጋል፣ የመማሪያ መጽሐፉ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ኤ4 ወረቀት መሀሉን አጥፎ በስፌት ሽቦ ቢያያዝ ስምንት ገጽ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ይወጣዋል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ ለሁለት አንድ ቢደርስ፣ ሠላሳ ቅጂ፣ ማለትም ስልሳ ወረቀት ነው። በሁለት ፊት መታተሙን አትርሱ፤ ገጾቹም ሲታጠፉ እንዲከተሉ ስምንተኛው ገጽ ከአንደኛው ጎን፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው ጎን መግባት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ለአንደኛ ክፍል በገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ወይም አራት ቃል፣ ከሥሩ ሥዕል። ለሁለተኛ ክፍል ጠቅላላ ጽሑፉ ከስልሳ እስከ ሰማንያ ቃል ቢሆን ይበቃል። አዲስ ቃል በገጽ ከአንድ አይብለጥ።

ጽሑፉ ከየት ይመጣል? ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች። ግን ተረት ሲነገርና ተረት ሲነበብ አንድ አይደለም። ተራኪው በእጁ ያሳያል፣ ድምፁን ይለውጣል፣ ይዘላል፣ ይመለሳል። በስልክ ቅዱት፤ ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲመታ ሳይሆን ጸጥ ባለ ሰዓት። አንዱን ተረት ሁለት ጊዜ አስነግሩ፤ በሁለተኛው ጊዜ የቀረውና የተጨመረው የቱ የተረቱ አጥንት እንደሆነ ያሳያችኋል። እንዳለ ጻፉት፣ ከዚያ ቁረጡት። የተቆረጠውን ለተራኪው መልሳችሁ አንብቡላቸው። «እንዲህማ አይባልም» የሚሉበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እናንተ ከአማርኛ አስባችሁ የጻፋችሁት ቦታ ነው። ያልቆረጣችሁትን ቅጂ አስቀምጡት፣ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ያገለግላል።

አባት ወይም እናት ወደ ክፍል ሲጠሩ አርባ ደቂቃውን ሁሉ አትስጧቸው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይናገሩ፣ አሥር ደቂቃ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መልሰው ይንገሩ፣ የቀረውን ይጻፉ ወይም ይሣሉ። ቀኑ የገበያ ቀን አይሁን፤ አዝመራ በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥም ሰው አይገኝም፣ ቢገኝም ልቡ እርሻው ላይ ነው። ለመጡበት ትራንስፖርትና ለዋሉበት ጊዜ ትንሽም ቢሆን ገንዘብ በትምህርት ቤቱ በጀት ይያዝ። «ለባህላችን ነው» እየተባለ በነፃ የተጠራ ሰው በሦስተኛው ጊዜ አይመጣም፣ ባይመጣም አይፈረድበትም።

ለእጅ ሥራ አካባቢው ሀብታም ነው። የእንጅባራ ቀርከሃ ይታወቃል፤ ወንበሩም አጥሩም ከእሱ ነው። በክወናና የእይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ጥሩ ትምህርት ይሆናል፣ ሒሳቡም አብሮ ይገባል፦ አንጓ መቁጠር፣ በሁለት አንጓ መካከል ያለውን ርዝመት መለካት፣ ማወዳደር። የሚቆረጠው ቀርከሃ ሦስት ዓመት የሞላው ይሁን፤ የዘንድሮው ለስላሳ ስለሆነ ሲደርቅ ይሸበሸባል። መሰንጠቁን ባለሙያው አስቀድሞ ይጨርሰው፣ በልጅ እጅ አይሆንም፤ የስንጥሩ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ስንጥሩ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይደር፤ የደረቀ ሲታጠፍ ይሰበራል። ልጆች የሚሠሩት ሽመናውን ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያ ሥራ አንድ ክንድ የማይሞላ ጠፍጣፋ ምንጣፍ ይበቃል። እየሠሩ የሚጠሯቸውን የሥራ ቃላት መምህሩ በሰሌዳው ይጻፋቸው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ንባብ ከእነሱ ይወጣል። ይህ ካልተደረገ የእጅ ሥራው እጅ ሥራ ብቻ ሆኖ ያልፋል።

ጥር 23 የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓልም እንዲሁ ነው። ልጆች በዓሉን ከማየታቸው በፊት የኮርቻውን፣ የልጓሙን፣ የእርካቡንና የግላሱን ስም በአገውኛ ለይተው በሥዕል ላይ ቢጽፉ፣ የሚያዩትን ያነቡታል። ከበዓሉ በኋላ ያለው ሳምንት ደግሞ ለመጻፍ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ነው፤ ሁሉም የሚለው አለው።

የቀበሌና የወረዳ አነጋገር ልዩነት ሳይነሳ አይቀርም። እዚህ ላይ የወጋጎዳ ነገር ሊረሳ አይገባም። በቀድሞው ደቡብ ክልል የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን አፍ አንድ አድርጎ፣ ወጋጎዳ በሚል ስም፣ መጽሐፍ ታተመ፤ በ1992 ዓ.ም በሶዶ ተቃውሞ ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ከአገልግሎት ወጣ። ቋንቋዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፣ ችግሩ መቀራረባቸው ላይ አልነበረም፤ ከገጹ ላይ የራሴ ነው የሚለውን ቃል ያገኘ አልነበረም፣ የጠየቀውም አልነበረም። በአዊ ውስጥ ያለው ልዩነት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፣ ቢሆንም መንገዱ ግልጽ ነው፦ አጻጻፉ አንድ ይሁን፣ ቃሉ ግን ይለያይ። በመምህሩ መምሪያ ጠርዝ ላይ የሌላው ወረዳ ቃል ይጻፍ፣ ልጁ በፈተና በየትኛውም ቢጽፍ አይቀነስበት።

መጨረሻው ሽግግሩ ነው። አማርኛ እንደ ትምህርት ሲጨመር ፊደሉ አንድ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ በላቲን ከጀመረ ልጅ ይልቅ የአዊው ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የሚያሰናክለው ጆሮ ነው። ገጠር ያደገና አማርኛ ብዙ ያልሰማ ልጅ «መጣ» ሲባል «መታ»፣ «ጠፋ» ሲባል «ተፋ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። መምህሩ በቀይ ሰርዞ «ግድየለሽ» ይለዋል፣ ልጁ ግን የሰማውን ነው የጻፈው። ከመጻፍ በፊት ሁለት ሳምንት በጆሮ ብቻ ልምምድ ይደረግ፦ መምህሩ አፉን በደብተር ሸፍኖ ከሁለቱ አንዱን ይጥራ፣ ልጆቹ ግራ ወይም ቀኝ እጅ ያንሱ። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከተማ ያደጉት፣ በሁለቱም ቋንቋ አፋቸውን የፈቱት፣ ይህ አያስፈልጋቸውም፤ እነሱ በዚያ ሰዓት ትንንሾቹን መጻሕፍት ያንብቡ።

ወላጅም እዚህ ላይ ነው የሚጠይቀው፦ «በአገውኛ ተምሮ ኋላ የት ይደርሳል?» በስብሰባ ስለ ማንነት ከመመለስ ልጁን አስነስቶ አንዱን ገጽ በአገውኛ፣ አንዱን በአማርኛ ማስነበብ ይሻላል። ልጁ በአገውኛው ከተንተባተበ ደግሞ ወላጁ ልክ ነው፤ ወደ አንደኛ ክፍል ሄዶ ማን እንደሚያስተምር ማየት ያስፈልጋል። አማርኛ ብቻ የሚችል መምህር ቦታ ስለጠበበ አንደኛ ክፍል ላይ ከተመደበ የሚቀያየረው ሰው አለ፤ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል አማርኛ የሚያስተምር አገውኛ ተናጋሪ መምህር ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ይገኛል።